የደረቀው ጥድ ጫጩቶች

ልብስ ሰፊዋ ወደ ምራቷ ቤት የመጣችው ለአንድ ሳምንት ነበር። ለጎረቤቶቿም ለደንበኞቿም የነገረቻቸው እንደዚያ ነው። "ልጅቷ ጫካውን ልታቃጥል ነው፤ አይዞሽ የሚላት ሰው የለም፤ አጠገቧ ልሁንና እመለሳለሁ" አለቻቸው። የስፌት መኪናዋን ግን አስጭና መጣች። ለሳምንት እንግድነት የስፌት መኪና ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ የጠየቃት የለም። ቢጠይቋትም "እጄ ሥራ ከፈታ ምላሴ ሥራ ያገኛል" ብላ ትመልስ ነበር፤ ምላሷን የሚያውቅ ሁሉ ደግሞ ይህን መልስ ሳይከራከር ይቀበላል።

ጫካው መጀመሪያ የባሏ ነበር። ራቁቱን የቀረ ተረተር ላይ ጥድ ተክሎ፣ ሳንቃ እስኪሆንለት ሲጠብቅ ሞት ቀደመው። እሷ ከጫካ ጋር ዱሮም አልተስማማችም። "ዝምታው ያደነቁረኛል" ብላ ከተማ ገብታ፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሰው ልብስ ስታሳጥርና ስታስረዝም ኖረች። ከአባትየው በኋላ ጫካውን የተረከበው አንድ ልጇ ነው። እሱም አግብቶ፣ ከጫካው ጥግ ባለችው ቤት ከሚስቱ ጋር ጥሩ ኑሮ ኖረ። ከዚያ ታመመ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ልጅ አልወለዱም ነበር።

ባል ከሞተ በኋላ አማትና ምራት ምንና ምን ናቸው? ሰው በአፉ "ዝምድናችሁ አበቃ" አይልም እንጂ በሆዱ እንደዚያ ያስባል። ልብስ ሰፊዋም ይህንኑ ፈርታ ነበር። ምራቷ ግን ከቀብሩ በኋላም መደወሏን አልተወችም። "እማማ፣ እንዴት ዋሉ? ጉልበትዎ ተሻለዎት?" ትላለች፤ ከዚያ ሁለቱም የሚሉት ሲያጡ ስልኩን ሳይዘጉ ትንሽ ይቆያሉ። አንድ ቀን ታዲያ "እማማ፣ እሱ ሊያደርገው ያሰበውን ቃጠሎ ዘንድሮ ላደርገው ነው" አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን በእጇ የነበረውን ሱሪ ገልብጣ ሰፋችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥዶቹ ከመጠን በላይ ተጠጋግተው ስላደጉ ከሥራቸው ፀሐይ አይገባም። መሬቱን የሸፈነው የረገፈ የጥድ ቅጠል ብቻ ነው፤ ሣር የለ፣ ቁጥቋጦ የለ፤ ወፍም ያልፍበታል እንጂ አያርፍበትም። ያ ሁሉ ደረቅ ቅጠል ደግሞ በበጋ የአንድ ሰው ግድየለሽነት ብቻ ነው የሚጠብቀው። ሟቹ ልጇ "እሳቱ ቀን መርጦ ከሚመጣብን፣ እኛ ቀን መርጠን እንጥራው" ይል ነበር። መሬቱ እርጥበት ሲኖረው፣ ነፋሱም ለዘብ ሲል፣ ዝቅ ያለ እሳት ከሥር ከሥር እንዲሄድ ይደረጋል። የረገፈውን ይበላል፤ ትልልቆቹን ጥዶች ቅርፊታቸውን ለብልቦ ያልፋል። ከዚያ ዛፉ ሲሳሳ ፀሐይ ይገባል፤ ፀሐይ ሲገባ ሣር ይበቅላል፤ ሣር ካለ አውሬውም ወፉም ይመጣል። ሁሉም በአንዴ አይቃጠልም። አንዱ ክፍል ሲቃጠል ሌላው ይተዋል፤ እንስሳው የሚሸሽበት እንዲያገኝ።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ "በደረቅ ጦስ እርጥብ ይቃጠላል ሲባል አልሰማሽም?" አለች።

"ሰምቻለሁ እማማ። ለዚህ ነው ደረቁን አስቀድመን የምናቃጥለው" አለች ምራቷ።

የቃጠሎው ቀን የእሳት ሠራተኞቹ በማለዳ መጡ። በጀርባቸው የውኃ መርጫ አዝለዋል፤ በእጃቸው መቧጠጫና አካፋ ይዘዋል። አለቃቸው ዓይኑ የቀላ ግዙፍ ሰው ነው። ልብሱ ታጥቦም ጭስ ጭስ ስለሚል ጓደኞቹ "ጭሱ" ይሉታል፤ እሱም ለምዶት በሌላ ስም ቢጠሩት የሚዞር አይመስልም። ልብስ ሰፊዋ ከእግሩ እስከ ራሱ ለካችው።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ እሳት ይታዘዝሃል?"

"ከልጆቼ ይሻላል፣ እናቴ።"

ይህ መልስ ትንሽ አረጋጋት። እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ግን አንድ ያልገባት ነገር አየች። በሚቃጠለው ክፍል መካከል፣ ዱሮ መብረቅ መትቶት ጫፉ የተገመሰ ትልቅ ደረቅ ጥድ ቆሟል። ምራቷ ከሥሩ ጎንበስ ብላ የረገፈውን ቅጠል በመቧጠጫ እየጠረገች ታርቃለች፤ እሳት እንዳይደርስበት ዙሪያውን አፈሩ እስኪታይ ድረስ አጸዳችው።

"በሕይወት ካለው ሥር እሳት ትለቂያለሽ፣ የሞተውን ታድኛለሽ?" አለቻት አማቷ።

"እሱ ሞቶም ሥራ አልፈታም እማማ" አለች ምራቷ፣ ላቧን በክንዷ እየጠረገች።

ልብስ ሰፊዋ የቀረውን በመስኮት አየች። እሳቱ ቁርጭምጭሚት በማያልፍ ቁመት እየተንከላወሰ ሄደ። ከላይ ጭልፊቶች ይዞሩ ነበር፤ ከእሳቱ የሚያመልጠውን ፌንጣ ከአየር ላይ እየቀለቡ ይበላሉ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም አለቀ። አለቃው ጭሱ ፊቱ ጠቁሮ መጣና "ታዞልናል፣ እናቴ" አላት። እሷም እስከዚያ ድረስ በእጇ ጨምድዳ የያዘችውን እርጥብ ፎጣ ያን ጊዜ ነው ያስቀመጠችው።

በማግሥቱ ጫካው ጥቁር ነበር። ልብስ ሰፊዋ ደጃፍ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ያዘች። ምራቷ ግን ከዚያ ጥቁር መሬት ላይ ተንበርክካ፣ አመዱን በጣቷ ገለጥ እያደረገች "ይኸው፣ ከሥሩ እርጥብ ነው። ሥሩ አልተነካም" ትላለች፤ የታመመ ሰው ትኩሳቱ የወረደለት ያህል።

ሳምንቱ አለቀ። የእሳት ሠራተኞቹ የተቀዳደደ የሥራ ልብሳቸውን አምጥተው ነበርና፣ ልብስ ሰፊዋ "እሱን ሳልጨርስ ብሄድ ሰው ምን ይለኛል" አለች። ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ "በዝናብ መንገድ አይኬድም" አለች። ዝናቡ ሲያባራ ሌላ ምክንያት አጣች። ምራቷም አልጠየቀቻትም። አንድ ቀን ጠዋት ብቻ፣ ሟቹ ይቀመጥበት የነበረውን የመስኮት ዳር አጽድታ፣ የስፌት መኪናውን ብርሃን ወዳለበት አዛወረችላት። ልብስ ሰፊዋ አየች። ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና መዘውሩን ማዞር ጀመረች።

ዛፍ የማሳሳቱ ሥራ ሲመጣ ምራቷ ምልክት የምታደርግበት ነገር ፈለገች። ልብስ ሰፊዋ የጨርቅ ቁርጥራጭ የሞላበትን ጆንያ ዘረገፈችላት። ቀይ የታሰረበት ይቆረጣል፤ ነጭ የታሰረበት ይቆያል፤ ሰማያዊ የታሰረበት ደግሞ ደርቋል፣ ግን አይነካም። ከሩቅ ሲታይ ጫካው ልብስ አስጥተው የረሱት ግቢ መሰለ።

"ሰማያዊው ሐር ነው እኮ" አለች ልብስ ሰፊዋ። "ለደረቀ ግንድ ሐር የምታስሪው ለማን ክብር ብለሽ ነው?"

"ለግንደ ቆርቁር ነው። እሱ ይቦረቡረዋል፣ ይፈለፍልበታል። እሱ ሲለቅ ጉጉት ይገባል። ጉጉት ሲለቅ ደግሞ የሌሊት ወፍ ወይም ንብ።"

"እንግዲያው ዛፍ አይደለም፣ የኪራይ ቤት ነው በይኛ።"

ምራቷ ሳቀች። ከልጇ ሞት ወዲህ ልብስ ሰፊዋ ይህን ሳቅ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ስለዚህ በየቀኑ የሚያስቅ ነገር ፈልጋ መናገር ሥራዬ ብላ ያዘችው። የተቆረጠው ቅርንጫፍ ለጥንቸልና ለቆቅ መደበቂያ እንዲሆን በየቦታው ሲከመር "ያንቺ አልጋ እግሩ ተሰብሯል፣ አንቺ ለጥንቸል ቤት ትሠሪያለሽ" አለች። በማግሥቱ ግን ራሷ ቅርንጫፍ ስትጎትት ታየች። የጥዱ ቅጠል ሹል ነውና በካልሲዋ ሲሰካ "ዕድሜዬን ሙሉ መርፌ መሬት ላይ እንዳይወድቅ ስጠነቀቅ ኖሬ፣ በስተርጅና መርፌ ከሰማይ የሚዘንብበት ቦታ ልግባ?" አለች።

አመዱ ላይ ሣር ወጣ። መጀመሪያ እንደ ሕፃን ጠጉር ስስ ነበር፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ጠነከረ። አንድ ቀን ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ሻይ ይዛ ደጃፍ ላይ ቆማ ሳለ፣ ድኩላ ከጥዶቹ መካከል ወጥቶ ያን ለጋ ሣር ሲነጭ አየች። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። በከተማ ሱቋ ዕድሜ ልኳን ያየችው የሰው ወገብና ትከሻ ነበር፤ እንዲህ ልኩን የለበሰ ፍጥረት አላየችም።

ነገር የተበላሸው አንድ ነፋሻ ቀን ነው። ምራቷ የሸሚዟ እጅጌ ከትከሻ እስከ ክርን ተተርትሮ መጣች።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ቅርንጫፍ ነካኝ። ምንም አይደለም።"

ልብስ ሰፊዋ ሸሚዙን ተቀብላ ልትሰፋው ተቀመጠች። የቀዳዳን ነገር ታውቃለች። ሽቦ የያዘው ጨርቅ በማዕዘን ይቀደዳል፤ እሾህ የያዘው ክሩ ይመዘዛል። ይህ ግን ከላይ ወደ ታች በክብደት የወረደ ነገር የቀደደው ነው። ትንሽ ወደ አንገቷ ጠጋ ቢል ኖሮ ብላ አሰበችና መርፌውን አስቀመጠች።

"የቱ ዛፍ ነው?"

"ትልቁ ደረቅ ጥድ። ከአናቱ ትንሽ ተገምሶ ወደቀ። ምንም አይደለም አልኩዎት እኮ።"

ልጇም ሕመሙ ሲጀምረው በስልክ ያላት እንዲሁ ነበር፤ ምንም አይደለም። ልብስ ሰፊዋ መርፌውን እንደገና አነሣች። እጅጌውን ሰፋች፤ አጠፈችው፤ በሆዷ ግን ቆርጣለች።

ምራቷ የሣር ዘር ልታመጣና ስለ ጫካ አያያዝ በሚሰጥ ሥልጠና ልትካፈል ወደ ከተማ ስትሄድ፣ ልብስ ሰፊዋ ባለመጋዙን አስጠራች። ባለመጋዙ ከመንገዱ በታች የሚኖር ደግ ሰው ነው፤ ዕድሜ ልኩን የያዘው የሞተር መጋዝ ጆሮውን በልቶበታል። ዛፉን ዞሮ አየና ሰማያዊዋን ጨርቅ በጣቱ ነካ።

"ይሄ አይነካም የተባለው አይደለም እንዴ?"

"ጫካው የባሌ ነው። ቁረጠው።"

"ምን አሉ?"

"ቁረጠው!"

ቆረጠው። ዛፉ ተንቋቋ፤ ዘመመ፤ መሬቱን አንቀጥቅጦ ወደቀ። ባለመጋዙ ሞተሩን አጠፋና ላቡን ጠረገ። በዚያ ጸጥታ መካከል ልብስ ሰፊዋ አንድ ድምፅ ሰማች። ዘይት ያልነካው የስፌት መኪና መዘውር እንደሚያሰማው ያለ፣ ሲጥ ሲጥ የሚል፣ ከግንዱ ውስጥ የሚመጣ ድምፅ። ባለመጋዙ አልሰማም። ግንዱን በቁመቱ ሊከታትፈው ሞተሩን እንደገና አስነሣ። ጮኸችበት፤ አልሰማትም። እጇን አወናጨፈች፤ ዓይኑ መጋዙ ላይ ነበር። የቀራት ዘዴ አንድ ነውና ቀሚሷን ሰብስባ ግንዱ ላይ ተቀመጠች።

ባለመጋዙ በኑሮው ብዙ ዓይነት ሰው አይቷል፤ በሚቆርጠው ግንድ ላይ የሚቀመጥ ባልቴት ግን አላየም። ሞተሩን አጠፋ።

"ምን ነካዎት?"

መልስ ሳትሰጠው ግንዱን በእጇ እየዳሰሰች ሄደች። ከቅርፊቱ ላይ ክብ የሆነች፣ በመቀስ የተቆረጠች የምትመስል ቀዳዳ አገኘች። ጎንበስ ብላ ስትመለከት ከውስጥ ላባ ያላወጡ ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተው አየቻቸው። ከጎን ካለው ጥድ ላይ ሁለት ግንደ ቆርቁሮች እየዘለሉ ይጮኻሉ።

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው" አለች። "አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ እያልኩ ስንቱን ሳስተምር ኖሬ።"

"የወፍ ነገር ነው፤ ሌላ ይፈለፍላሉ" አለ ባለመጋዙ፣ ሊያጽናናት ብሎ።

እሷ ግን ስልኳን አወጣች። ለመዋሸት አላሰበችም፤ ለማሳመርም ጊዜ አልነበራትም። "ልጄ፣ ትልቁን ደረቅ ጥድ አስቆረጥኩት። ጫጩት ነበረበት" አለች።

ከወዲያ በኩል "በሕይወት አሉ?" የሚል ድምፅ መጣ።

"አሉ። ይጮኻሉ።"

"እሺ። አሁን የምልዎትን ብቻ ያድርጉ። እንዳያወጧቸው። ቀዳዳውን በጨርቅ ይወትፉት። የቆረጠው ሰው ግንዱን ከቀዳዳው ራቅ አድርጎ ከላይም ከታችም ይቁረጠው። ያንን ቁራጭ ቀጥ አድርጋችሁ ቅርብ ካለው ትልቅ ጥድ ጋር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። የቀዳዳው ፊት ዱሮ ወዳየበት ይሁን። ጨርቁን አውጡና ርቃችሁ ጠብቁ። ጭሱን ጥሩት፤ መሰላል አለው። በገመድ ብቻ አይሆንም፤ ይንሸራተታል። ሰፊ ጠፍር ያስፈልጋል።"

"ጠፍሩን ለእኔ ተዪው። አንቺ ልጅ፣ ተቆጥተሻል?"

"እማማ፣ ይሩጡ። ቁጣው ይደርሳል።"

ሮጠች። ጉልበቷ የሚያማት መሆኑን ያስታወሰችው ቤት ከደረሰች በኋላ ነው። ጭሱ ለመጣፊያ ይሆንዎታል ብሎ የሰጣት ያረጀ የእሳት ማጥፊያ የውኃ ጎማ ነበር፤ ከሸራ የተሠራ፣ ወፍራም። በመቀሷ ሰነጠቀችው፤ ደረበችው፤ ባላት ትልቁ መርፌ ላይ ጠንካራ የተልባ ክር አስገብታ መዘውሩን አዞረች። የስፌት መኪናው አቃሰተ። መርፌው ተሰበረ፤ ሌላ አስገባች። ጫፎቹን በመስቀለኛ ደጋግማ ሰፋች። ለስንት ሙሽራ ቀሚስ ሰፍታለች፤ እንዲህ ግን ተቻኩላ ሰፍታ አታውቅም።

ጭሱ ከሁለት ሰዎች ጋር መሰላል ተሸክሞ ደረሰ። ነገሩን ሲሰማ አልሳቀም፤ አልወቀሳትምም። ባለመጋዙ በጥንቃቄ ከላይም ከታችም ቆረጠ፤ ቁራጩን በገመድ አስረው ወደ ላይ ሳቡት። ጭሱ መሰላሉ ላይ ቆሞ ጠፍሮቹን ሲያጠብቅ ልብስ ሰፊዋ ከታች ሆና ታዝዛለች።

"ወደ ግራ። ትከሻው ዘሟል። ትንሽ ወደ ግራ።"

"እናቴ፣ ዛፍ ነው እንጂ ኮት አይደለም።"

"የዘመመ ነገር ሁሉ አንድ ነው። ወደ ግራ አልኩህ።"

ቀጥ አለ። ጭሱ ጨርቁን ከቀዳዳው መዝዞ ወረደ። ሁሉም ራቅ ብለው፣ ለጥንቸል ተብሎ ከተከመረው ቅርንጫፍ ጀርባ ተቀመጡ።

መጀመሪያ የመጣችው እናቲቱ ሳትሆን አትቀርም። በአፏ ነጭ ትል ይዛለች። የበረረችው ግን ወደተሰቀለው ግንድ አልነበረም። ዱሮ ቀዳዳው ወደነበረበት፣ አሁን ባዶ አየር ወደሆነው ቦታ ሄዳ፣ እዚያ ክንፏን እያርገበገበች ዞረች፤ ተመለሰች፤ እንደገና ሄዳ ዞረች። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስታይ ዓይኗን ጨፈነች። ልጇ ከሞተ በኋላ ስንቴ ወደ ስልኩ ደውላ፣ ጥሪው ሳይገባ ዘግታዋለች።

"እናቴ" አለ ጭሱ በሹክሹክታ። "ይመልከቱ።"

ዓይኗን ስትገልጥ ወፊቱ ከተሰቀለው ግንድ ላይ ተለጥፋ ነበር። ራሷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ከውስጥ ያ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ መጣ። ወፊቱ ገባች። ስትወጣ አፏ ባዶ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ አለቀሰች። ባለመጋዙ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ሌላ በኩል አየ። ጭሱ ያለቅስ አያለቅስ እንደሆን ለማወቅ አይቻልም፤ ዓይኑ ሁልጊዜም ቀይ ነው። "ተመስገን" አለች እሷ፣ ደግማ ደጋግማ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞራ "እናንተም ተመስገኑ። ሥራችሁን ትታችሁ ለአንዲት አሮጊት ጥፋት መጣችሁ" አለቻቸው።

ምራቷ በነገታው ከሰዓት በኋላ መጣች። ወደ ቤት አልገባችም፤ ቦርሳዋን እንዳነገተች በቀጥታ ወደ ጫካው ሄደች። ልብስ ሰፊዋ ሻይ አፍልታ፣ ዳቦ ቆርሳ፣ የምትናገረውን አዘጋጅታ ጠበቀቻት። ምራቷ ገብታ ስትቀመጥ ግን ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት።

"አየሻቸው?"

"አየኋቸው። ሁለቱም ወላጆች ይመግባሉ።"

"እንግዲህ ተናገሪኝ።"

"ለምን አስቆረጡት እማማ? ስንት ጊዜ ነግሬዎት?"

ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ የተሰፋውን ሸሚዝ አመጣች፤ እጅጌውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። "ይሄን አይቼ ነው። ይሄ የወደቀብሽ ነገር ትንሽ ወደ ውስጥ ቢገባ አንገትሽ ነበር። እሱም ምንም አይደለም ብሎኝ ነበር። አምኜው ቁጭ አልኩ። ሁለተኛ እንዳልቀመጥ ብዬ ነው።"

ምራቷ የስፌቱን መስመር በጣቷ ተከትላ ሄደች። ስፌቱ እምብዛም አይታይም።

"አውቶቡስ ውስጥ መንገዱን ሙሉ የምቆጣውን ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት" አለች።

"ተቆጪዋ። ድካምሽ ለምን ከንቱ ይቀራል?"

ምራቷ ልትስቅ ጀምራ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ። "እናቴን በልጅነቴ ነው ያጣኋት" አለች ስትረጋጋ። "እሱ ከሞተ ወዲህ ደግሞ፣ ዛፍ ይወድቅባት ይሆን ብሎ የሚፈራልኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። አመሰግናለሁ እማማ። ስለ ዛፉ አይደለም።"

"እሱማ ገብቶኛል።"

"ሁለተኛ ግን ይጠይቁኝ።"

"አንቺም ሁለተኛ ምንም አይደለም አትበይኝ። ሲያምሽ አመመኝ፣ ስትፈሪ ፈራሁ በይኝ።"

"እሺ።"

"እንግዲያው ሻይሽን ጠጪ። ከቅድም ጀምሮ ሦስቴ አሙቄዋለሁ።"

በማግሥቱ አብረው ጫካውን ዞሩ። ልብስ ሰፊዋ የጨርቁን ጆንያ ይዛ፣ ምራቷ ዛፍ ዛፉን እያየች። ከመተላለፊያው ዳርና ከቤቱ አጠገብ ያለ ደረቅ ሁሉ ይቆረጥ ተባለ፤ ሰማያዊው ተፈትቶ ቀይ ታሰረበት። ወደ ውስጥ ራቅ ያለው ባለበት ይቁም፣ በነፋስ ቀን ደግሞ ማንም ከሥሩ አይሂድ ተባባሉ። የወደቀው ትልቁ ግንድም ከተኛበት አልተነሣም። ምራቷ እንዳለችው እየበሰበሰ ጥንዚዛና እንሽላሊት ያስጠልላል። ጭሱ ለምራቷ የሥራ ቆብ አመጣላት፤ ጠንካራ፣ ከላይ የሚወድቅ ነገር የሚመክት። ልብስ ሰፊዋ "ጭንቅላትሽን ይልጠዋል" ብላ ከውስጥ በለስላሳ ጨርቅ ለበጠችው።

ጫጩቶቹ ላባ አወጡ። ከቀዳዳው አንገታቸውን እያወጡ ሲሻሙ ልብስ ሰፊዋ በየቀኑ ከሩቅ ታያቸው ነበር። አንድ ጠዋት የመጀመሪያው በረረ፤ በረራ ከተባለ፤ እየተንገዳገደ ሄዶ ከሚቀጥለው ጥድ ጋር ተላተመና ተለጠፈ። "ይሄ እንኳ በእኔ ነው የወጣው" አለች። የቀሩትም ተከተሉት። ጠፍሮቹ ግን አልተፈቱም፤ ምራቷ "ሌላ ተከራይ ይመጣል" አለች።

በዓመቱ የጫካው ሁለተኛ ክፍል ተቃጠለ። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን መስኮት ላይ አልቆመችም። ከምራቷ ጋር መቧጠጫ ይዛ፣ ከደረቅ ዛፎች ሥር ቅጠል ስትጠርግ ዋለች። እሳቱ በሰላም ካለቀ በኋላ ለሠራተኞቹ የድንች ሾርባ በትልቅ ድስት አቀረበች። ሁሉም ፊታቸው ጠቁሮ፣ ደክሟቸው፣ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ሲበሉ እሷ ቆመች። ንግግር የምታውቅ ሰው አይደለችም፤ ዕድሜዋን ሙሉ የተናገረችው በከንፈሯ በያዘችው የስፌት ስፒል መካከል ነው።

"አንድ ነገር ልበል" አለች። "ልጄ ሲሞት ሰው ሁሉ 'ምንም ሳይተውልሽ ሄደ' አለኝ። እኔም አምኜ ነበር። ተሳስተናል። ይህን ጫካ ተወልኝ፤ እናንተን ተወልኝ። ይህችን ልጅ ተወልኝ። እኔ ሰው ተረፈኝ እንጂ አላነሰኝም። እግዜር ይስጣችሁ።"

ምራቷ ተነሥታ ጭልፋውን ከእጇ ተቀበለቻትና "እማማ፣ ይቀመጡ፤ እርስዎ ገና አልበሉም" አለቻት። ሳሕን ሞልታ ሰጠቻት፤ ከጎኗም ተቀመጠች። ጭሱ ሳሕኑን ዘርግቶ ሾርባ ይጨመርለት እንደሆነ ጠየቀ።